አቶ ሠረቀብርሃን በጳጉሜን የሉም

ጳጉሜን ስድስት ቀን 1955 ዓ.ም. ፀሐይና ዝናብ አብረው ወጡ። እንጦጦ ራሱ ላይ ደመና ጠምጥሞ ተቀምጧል። ቀበና ድፍርሱን ይዞ እያጓራ ይወርዳል። እኛ ዘንድ የካ ላይ ግን ፀሐይ ነው፣ ፀሐዩ እያለም ያካፋል። የሰፈሩ ልጆች ጭቃው ላይ እየዘለሉ «ጅብ ወለደች! ጅብ ወለደች!» ይላሉ። ክረምት ነው እንዳይባል ፀሐይ፣ በጋ ነው እንዳይባል ዝናብ። ክቡር ተጠባባቂ ዐቃቤ ሕግ አቶ ሠረቀብርሃን ወንድሜን የሚያሳስረውን ክስ የፈረሙት በዚህ ቀን ነው። እኔ ከአጠገባቸው ወለል እወለውል ነበር።

በዚህ አገር ተጠባባቂ ያላጋጠመው ሰው ካለ ገና አልተወለደም። ተጠባባቂ የትምህርት ቤት ዲሬክተር አለ፣ ተጠባባቂ የእድር ዳኛ አለ፤ ጎረቤቴ ዘንድ ባልዋ ከዘመተ ጀምሮ ተጠባባቂ ባልም ነበረ፣ ስሙን አልጠራም። ተጠባባቂ ማለት ባለቤቱ እስኪመጣ የሰው ወንበር የሚጠብቅ ነው። ባለቤቱ አይመጣም፤ ተጠባባቂውም አይሄድም። ካፖርቱን አያወልቅም፣ መሄዱ አይቀርምና። ችግኝ አይተክልም፣ ሲያድግ አያየውምና። ስለ ነገ ብትጠይቁት «እንግዲህ ደብዳቤው ሲመጣ» ይላችኋል። ከዚህ ሁሉ ዘር ግን እንደ አቶ ሠረቀብርሃን ያለ አላየሁም፣ አላይምም።

የተዋወቅነው በቃል ስሕተት ነው። እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። እናቴ ሞተች፣ ታናሾቼ ደግሞ በፊደል አይጠግቡም። ፍርድ ቤቱ በጠራጊነት ሲቀጥረኝ ሁለት ባልዲ ውኃ አንጠልጥዬ በር ላይ ስደርስ፣ አንድ ቀጭን ሰው አሮጌ ካፖርት ለብሶ ቆሟል።

«ምንድን ነህ?» አልኩት።

«ተጠባባቂ ነኝ» አለ ኮራ ብሎ።

ጠባቂ ነኝ ያለ መሰለኝ። ካፖርቱም የዘበኛ ነው የሚመስለው። «እንግዲያው ቆመህ አትየኝ፣ በሩን ክፈትልኝ» አልኩት።

በሩን ከፈቱልኝ። አንዱንም ባልዲ ተቀበሉኝ። ውስጥ ከገባን በኋላ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እመቤት፣ በሩን የከፈትኩት በግሌ ነው። ከሹመቴ ጋር ግንኙነት የለውም» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እርስዎ» አልኳቸው፤ እሳቸውም «ወይዘሮ ሎሚ» አሉኝ።

ሹመታቸውን ያወቅሁት ጠረጴዛቸውን ስወለውል ነው። ደብዳቤው መስተዋት ሥር ተቀምጧል። ከመስከረም አንድ ቀን ጀምሮ «ከስድስት ወር ላልበለጠ ጊዜ» በተጠባባቂነት እንዲሠሩ ይላል። ነገሩን ሲያስረዱኝ ሰው መክሰስ ከባድ ሥልጣን ነው፣ ለጊዜው ለተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ አይሰጥም፣ ሕጉ ስድስት ወር ብሎ ወስኗል አሉ። ይህን የወሰኑት ሰዎች ብልሆች ናቸው፤ ስድስት ወር ካለፈ ወይ ቋሚ ይሆናል፣ ወይ ይሄዳል ብለው ነው። የላይኛው መሥሪያ ቤት ሰዎች ደግሞ ከእነሱ ይብሳሉ፤ ስድስቱ ወር ባለቀ ቁጥር ሌላ የስድስት ወር ደብዳቤ ይጽፋሉ። ከ1947 መስከረም ጀምሮ፣ አንዱ በመስከረም፣ አንዱ በመጋቢት፣ በዘጠኝ ዓመት ዐሥራ ስምንት ደብዳቤ። ቃሉ አንድ፣ የታይፑ ጉድለት አንድ፤ «ተጠባባቂ» ከሚለው ላይ ሁልጊዜ አንዷ «ባ» ትጎድላለች።

ቋሚው ዐቃቤ ሕግ ለትምህርት ባሕር ማዶ ሄደው እዚያው ቀሩ። አግብተው ወልደዋል ይባላል። ወንበራቸው ግን አለ፤ ባለ ቆዳ፣ ባለ መደገፊያ። አቶ ሠረቀብርሃን አንድ ቀን አልተቀመጡበትም። «የቋሚው ነው» ይላሉ። ከቤታቸው ዱካ አምጥተው ከጠረጴዛው ኋላ እዚያ ላይ ይቀመጣሉ። ዱካው አጭር፣ ጠረጴዛው ረጅም። ተከሳሽ ሲገባ የሚያየው ግንባር ብቻ ነው። አንድ የሱሉልታ ገበሬ «ዐቃቤ ሕጉ የት ናቸው?» ቢለኝ፣ «ያ ግንባር ናቸው» አልኩት። እኔ ደግሞ ማንም የማይቀመጥበትን ወንበር ዘጠኝ ዓመት አቧራውን አራገፍኩ። ከሁለታችን ማን እንደሚብስ እግዜር ይወቀው።

ቤታቸውም እንደ ቢሯቸው ነው። ከቀበና ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው ቤታቸው ጣራው ያፈሳል። ቋሚ ስሆን ይሠራል ብለዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ ክረምት በመጣ ቁጥር ድስትና ጣሳ እየደረደሩ ጠብታ ይቀበላሉ። አንድ ቀን ሳገኛቸው፣ «ሎሚ፣ እስቲ አንቺ ጠረጴዛውን ታውቂዋለሽ፤ እኔን ያገባኝም በተጠባባቂነት እንደሆነ ደብዳቤውን ፈልጊልኝ» አሉኝ። አቶ ሠረቀብርሃን ከጓዳ ሰምተው፣ «ደብዳቤው ይናገር!» አሉ። ይህ የሁልጊዜ ቃላቸው ነው። ስለ ዝናብ ስትጠይቋቸውም ደብዳቤው ይናገር ነው።

ይህ ሁሉ እንኳ ይቻላል። የማይቻለው ጳጉሜን ነው።

የመጋቢቱ ደብዳቤ ከመጋቢት አንድ ይጀምራል። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፤ ስድስት ወር። ነሐሴ ሠላሳ ያበቃል። የሚቀጥለው ደብዳቤ ደግሞ ከመስከረም አንድ ይላል። በመካከል ያሉት ቀኖች የማን ናቸው? አቶ ሠረቀብርሃን በመጀመሪያው ዓመት የላይኛው መሥሪያ ቤት ድረስ ወጥተው ጠየቁ። አንዱ ሹም፣ «ጳጉሜን ደመወዝ አለው ወይ?» አላቸው። የለውም አሉ። «እንግዲያው ምን ያስጨንቅሃል? አርፈህ ተቀመጥ!» አላቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ስድብ ብሎ ይረሳዋል። እሳቸው መመሪያ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ጳጉሜን አንድ ሲጠባ ክራቫታቸውን ያወልቃሉ። ፈቃድ የሰጣቸው የለምና ቢሮ ይመጣሉ፤ ግን አይገቡም። ከባለጉዳዮች ጋር መተላለፊያው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ፖሊሱ ሰላምታ ሲሰጣቸው፣ «ተው ልጄ፣ ዛሬ ሠረቀብርሃን ብቻ ነኝ» ይሉታል። እስክሪብቶ አይነኩም። የሚመጣ ወረቀት እንኳ እኔ ነኝ ተቀብዬ የምፈርምላቸው። ይባስ ብለው «በጳጉሜን አንተ በሉኝ» ይላሉ። በነሐሴ ሲያፈጡብህ የከረሙትን ሰው በጳጉሜን አንተ በል ማለት፣ ከውሻ አፍ አጥንት ንጠቅ እንደማለት ነው። ማንም አልደፈረም፤ ከከበበ በቀር።

ከበበ ዶሮ ሌባ ነው። አቶ ሠረቀብርሃን ሦስት ወር አስፈርደውበታል። ጳጉሜን ሦስት የሩፋኤል ለት ሰው ሁሉ ቀበና ወርዶ ሲታጠብ፣ ክቡር ተጠባባቂም በቁምጣ ወርደው ከከበበ ጎን ደረሱ። ከበበ ደንግጦ «ጌታዬ» ሲል፣ «አንተ በለኝ፣ ዛሬ ጳጉሜን ነው» አሉት።

ከበበ ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው አንተ ሠረቀ፣ ጀርባዬን እሽልኝ» አላቸው።

አሹለት። ወንዝ ሙሉ ሰው አይቷል። መስከረም ሁለት ቀን ከበበ ሾላ ገበያ ላይ «ሠረቀ፣ እንዴት ከረምክ?» ብሎ ቢጮህ፣ ዘወር ብለው፣ «አቶ በል» አሉትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ የወንድሜን ነገር ልናገር።

ፉፋ በ1955 በነሐሴ ወር፣ ሰባት ግንድ ባሕር ዛፍ ሰረቅህ ተብሎ ታሰረ። ዛፉን እንጦጦ ሥር ባለችው መሬታችን ላይ የተከለው አባታችን ኢቲቻ ነው፤ ውኃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ቀኛዝማች ዓምደ ሚካኤል ግን ወሰኑን በየዓመቱ እየገፉ መጥተው ዛፉ የኔ ነው አሉ። ዛፉ የሳቸው ነው ከተባለ ፉፋ ሌባ ነው፤ ፉፋ ሌባ ከተባለ ደግሞ መሬቱም የሳቸው ነው። ሚስቱ ወልዳ ገና አርባ ቀኗ አልሞላም። ዳኛው አቶ ወልደ ሐዋርያት ቀጠሮ መስጠት ሰለቻቸውና፣ «ክሱ ይህ ዓመት ሳያልቅ ተፈርሞ ካልገባ ይለቀቅ» ብለው አዘዙ።

ቀኛዝማች ወዲያው አቶ ሠረቀብርሃን ቢሮ መጡ። የቋሚውን ወንበር ስበው ሊቀመጡ ሲሉ አቶ ሠረቀብርሃን «እሱ የቋሚው ነው» አሏቸው። ቆመው ቀሩ።

«ስለ ቋሚ ካነሣህ፣» አሉ ቀኛዝማች፣ «ያንተን የቋሚነት ደብዳቤ አይቼዋለሁ። በላይኛው መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ወዳጄ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ፊርማ ነው የቀረው። እኔም ከአንተ የምፈልገው አንድ ፊርማ ነው።»

ዘጠኝ ዓመት የጠበቁት ነገር ነው። ከጠረጴዛው በላይ ያለው ግንባር ላብ ሲያወጣ አየሁ።

በማግሥቱ መተላለፊያው ላይ ጠብቄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር። «አቶ ሠረቀብርሃን፣ ወንድሜን ያውቁታል። ክፋት የሌለው የዋህ ነው» አልኳቸው።

«ወይዘሮ ሎሚ፣ ስለ መዝገብ በመተላለፊያ አይወራም» ብለው አለፉኝ። ዘጠኝ ዓመት ዱካቸውን ስወለውል የኖርኩት ሴትዮ ነኝ።

ነሐሴ ሃያ፣ የምስክር ቃል አንድ ገጽ ጎድሏል ብለው አልፈረሙም። ነሐሴ ሃያ ሰባት፣ የማኅተሙ ቀለም ደርቋል። ነሐሴ ሠላሳ፣ ጥርሴን አሉ፤ ጉንጫቸውን በጨርቅ አስረው ዋሉ። እኔ ፍርሃት ነው ብዬ ናቅኋቸው። መፈረም ይፈራሉ፣ አለመፈረም ይፈራሉ። ተጠባባቂ ሰው ምን ያደርጋል? ይጠብቃል።

ጳጉሜን መጣ። ክራቫት ወለቀ። ፋይሉ አግዳሚው ላይ ከጎናቸው ተቀምጦ አምስት ቀን ዋለ። ዘመኑ የሉቃስ ነበርና ስድስተኛ ቀን ተጨመረ፤ ወንድሜ በእስር ቤት፣ እኔ በተስፋ፣ አንድ ቀን ብቻ ቀረን።

ያን ቀን ነው ጅብ የወለደችው። ቀኛዝማች ከነበቅሏቸው ደጃፉ ላይ ደረሱ፤ ጭቃቸውን ሳያራግፉ በወለወልኩት ላይ ገቡ።

«ፈርም!» አሉ።

«ዛሬ?» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን። ከአግዳሚው አልተነሡም።

«አሁን! ነገ ዓመት በዓል ነው፣ ነገ ይፈታል!»

«ቀኛዝማች፣ ዛሬ እኮ ጳጉሜን ነው።»

«ጳጉሜንም የእግዚአብሔር ቀን ነው! ትፈርማለህ ወይስ ደብዳቤህን ላስቀድ?»

«ፈርም ያሉኝ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ! ፈርም!»

ዘጠኝ ዓመት በጳጉሜን እስክሪብቶ ያልነኩ ሰው ከእኔው ኪስ እርሳስ እንኳ ሳይጠይቁ፣ ከደረት ኪሳቸው የተሞላ ብዕር አወጡ። ፋይሉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ፈረሙ። ቀኑን በቁጥር አልጻፉም፤ በፊደል፣ በሚያምር እጅ ጽሕፈት፣ «ጳጉሜን ስድስት ቀን» ብለው አሳመሩት። መዝገብ ቤቱ ተቀበለ። ቀኛዝማች በቅሏቸው ላይ ወጡ።

እኔ ጨርቄን ባልዲው ውስጥ ጥዬ አለቀስኩ።

«ሎሚ፣» አሉኝ። ወይዘሮ አላሉም። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«አሁን ጽፈውት የለ?»

«ካንቺ አፍ ልስማው።»

«ጳጉሜን ስድስት።»

«ጎበዝ። አራተኛ ክፍል የደረሰ ሰው አይረሳም።»

ትምህርቴን ነው የሚዘብቱበት ብዬ በሆዴ፣ «እግዜር ሲኦል ውስጥ ቋሚ ያድርግህ» አልኩ። በጳጉሜን አንተ ማለት ይፈቀዳል።

መስከረም አራት ችሎት ተቀመጠ። አቶ ሠረቀብርሃን ክራቫታቸውን አስረው፣ ዐሥራ ዘጠነኛውን ደብዳቤ ተቀብለው ቆመዋል። ቀኛዝማች ፊት ረድፍ ላይ ናቸው። ፉፋ ሲያየኝ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ክሱን ማንበብ ጀመሩ። «ጳጉሜን ስድስት ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ተጠባባቂ ዐቃቤ ሕግ…»

ጆሮዬ ላይ አንድ ነገር ጮኸ። አግዳሚው፣ ክራቫቱ፣ የከበበ ጀርባ። ቀና ብዬ አቶ ሠረቀብርሃንን አየሁ። እሳቸው ወረቀት አያዩም ነበር፤ እኔን ነው የሚያዩት።

ዳኛው «ለተከሳሹ የሚናገር አለ?» ሲሉ ከኋላ ከነመጥረጊያዬ ተነሣሁ።

«ጌታዬ፣ እኅቱ ነኝ። አቶ ሠረቀብርሃን በጳጉሜን የሉም።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ጠረጴዛ መቱ። «እንዴት የሉም? ይኸው ቆመው!»

«ዛሬ አሉ። ጳጉሜን ስድስት ግን አልነበሩም።»

«ታዲያ ሞተው ነበር?»

«የለም ጌታዬ። ግን ሥልጣናቸው ነሐሴ ሠላሳ ነው የሚያልቀው። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነው፤ በጳጉሜን ዐቃቤ ሕግ አይደሉም። የዶሮ ሌባ ጀርባ ሲያሹ የቀበና ሰው ሁሉ አይቷል።»

ቀኛዝማች፣ «ጠራጊ ናት! ጠራጊ ስለ ሕግ ምን አገባት!» ብለው ጮኹ። ዳኛው ግን ወደ አቶ ሠረቀብርሃን ዞረው ነበር። «ምን ይላሉ?»

«ደብዳቤው ይናገር» አሉ።

እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ከተቱና ሁለት ደብዳቤ አወጡ፤ የመጋቢቱንና የመስከረሙን። በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልለው፣ ተጣጥፈው፣ ተዘጋጅተው። ሰው ያልጠበቀውን ጥያቄ እንዲህ አይመልስም።

ዳኛው አነበቡ። ጣታቸውን እያጠፉ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ጳጉሜን ወር ካልሆነ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የለም። ወር ከሆነ ደግሞ ሰባተኛ ነው፤ ደብዳቤው ከስድስት አይበልጥም ይላል። በሁለቱም በኩል የፈረመው ሰው ሥልጣን አልነበረውም። ክስ በዓመቱ ውስጥ አልገባም። ተከሳሹ ይለቀቅ።»

ፉፋ ደጅ ሲወጣ ያለኝ አንድ ቃል ነው። «ሎሚ፣ ይቺን ጳጉሜን የፈጠረ ይባረክ።» ቀኛዝማችም ክሱን መልሰው አላስነሡም። «ጳጉሜን ቀኛዝማች» እያሉ ልጆች በቅሏቸውን ስለሚከተሏት ወደ እኛ ሰፈር መምጣት ተዉ።

የቋሚነቱ ደብዳቤ ተቀደደ። ዐሥራ ዘጠነኛውም ሳምንት ሳይሞላ ተነጠቀ። በቦታቸው ከትምህርት የመጣ ቋሚ ወጣት ተሾመ፤ ጎበዝ ነው፣ ሽቶ ይቀባል። በመጀመሪያው ቀን ባለ ቆዳው ወንበር ላይ ዘፍ ሲል ወንበሩ ከነእሱ ተንኮታኮተ። ላዩን እኔ ሳራግፍ ውስጡን ምስጥ ሲበላው ኖሯል።

አቶ ሠረቀብርሃን ዱካቸውን ይዘው ሲወጡ በሩን እኔ ከፈትኩላቸው።

«ዘጠኝ ዓመት በጳጉሜን ብዕር አልነኩም። ያን ቀን ምን ነካዎት?» አልኳቸው።

«ተሳሳትኩ።»

«ዘጠኝ ዓመት ያልተሳሳቱት?»

«ተጠባባቂ ነኝ፣ ሎሚ። ስሕተቴም ተራውን ሲጠብቅ ነበር።»

  አንዱን ባልዲ ተውኩና ዱካውን እስከ ቀበና ድልድይ ድረስ ተሸክሜ ሸኘኋቸው። በግሌ ነው፤ ከሥራዬ ጋር ግንኙነት የለውም።

የወይዘሮ ሮማነወርቅ ጣራ በዚያው ጥቅምት ተሠራ። ፉፋ ነው ወጥቶ የሠራው፣ በባሕር ዛፍ። ስንት ግንድ እንደገባበት አልቆጠርኩም።

አሁን አቶ ሠረቀብርሃን ሾላ ገበያ መግቢያ፣ ከጨው ሻጮቹ ጎን፣ በዚያችው ዱካ ላይ ተቀምጠው ለሰው ማመልከቻ ይጽፋሉ። በጳጉሜን አይጽፉም።